አይጥ ለማባረር የተጠራ ደቦ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ጭነቷን አራግፋ ባለ ጎተራ ሆነች። መሳቅ ይቻላል፤ ያኔም የሰማ ሁሉ ስቋል። ስሟ እመት ዳለቻ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እህል ስትሸከም ኖራ፣ ጀርባዋ ጠባሳ በጠባሳ ሲሆን ጊዜ፣ አንድ ቀን ከገበያ መንገድ ላይ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ከጋራው ሥር ጎጆ ቀለሰች። ከጎጆዋ ፊት ያለውን መሬት በሰኮናዋ ጫር ጫር አድርጋ ገብስ ዘራች። ገብሱም አላሳፈራት። እሸቱን በላች፣ ክምሩን ወቃች፣ የተረፈውን ለዘር ብላ ከጎተራ ከተተች።

የበጠሰችውን ገመድ ግን አልጣለችውም፤ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ እሱን ታያለች። ከዚያ ጎተራውን በአፍንጫዋ ገፋ ታደርገዋለች። ጎተራው ጢም ያለ ነውና ንቅንቅ አይልም። ያኔ ወደ ገመዱ ዞራ፣ «ይኼ እስካለ ድረስ አንተ እዚያው ተሰቅለህ ትቀራለህ!» ትለዋለች።

እውነቷን ነው። ክረምቱ ሲገባ የምትዘራው ካላት የራሷ እመቤት ናት። ዘር ካጣች ግን የተራበች አህያ መጨረሻዋ የት እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ወደ ጫኚዎቹ ደጅ ተመልሳ፣ «ጀርባዬ ይኸው» ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ ጎተራውን ልትገፋ አፍንጫዋን ስታስጠጋ፣ ከውስጥ ቅርጥፍ! ቅርጥፍ! የሚል ድምፅ ሰማች።

«ኧረ ማነው?» ብላ ጮኸች።

ከጎተራው ሥር አንዲት አይጥ ብቅ አለች። ጉንጮቿ በገብስ ተወጥረው ዓይኖቿ ጠፍተዋል።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ዳለቻ!» አለች አይጥ፣ አፏ እንደ ሞላ። «ቤትሽ እንዴት ይሞቃል! ከመጣሁ እኮ ሰነበትኩ፤ ብቅ ብዬ ሳልጠይቅሽ።»

«ሰነበትኩ? በኔ ቤት?»

«አይክፋሽ፤ የምበላው ትንሽ ነው። ሆዴን እስቲ እዪው፤ ይቺን ታህል!»

እመት ዳለቻ ደሟ ፈላ። ዞር ብላ በኋላ እግሯ አንድ ርግጫ ለቀቀችባት። ርግጫው አይጧን ስቶ ገንቦውን አገኘው፤ ገንቦው ብትንትኑ ወጣ። ደገመች። አሁን ደግሞ መዝጊያው ተገንጥሎ ደጅ ወደቀ። አይጧ በዚህ መሀል፣ «እግርሽን እንዳያምሽ!» ብላ ከቀዳዳዋ ገባች።

እመት ዳለቻ ጎንበስ ብላ ቀዳዳዋን አየች። ከጎተራው ግርጌ፣ ምርጉ የተፈረፈረበት ቦታ ላይ፣ እንቁላል እንኳ የማታሾልክ ቀዳዳ ናት። «ይቺ ናት እንዴ ያስጨነቀችኝ!» አለችና ወደ ጅረቱ ወርዳ ጭቃ አመጣች። ጭድ ነሰነሰችበት፣ በሰኮናዋ ረገጥ ረገጥ አድርጋ አቦካችው። ጥሩ የሚያጣብቅ ጭቃ ወጣው። አይጧ ለውኃ ስትወጣ ጠብቃ ድፍን ልታደርገው ነበር። አለቀ፣ ደቀቀ! ተረቱም እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ግን በዚያች ሰዓት ቀበሮ መጣ።

«ደህና አደሩ፣ እመት ዳለቻ!» አለ፣ አንገቱን በተገነጠለው በር አስግጎ። «ምን እየሠሩ ነው?»

«አይጥ ገብታብኝ፣ ቀዳዳዋን ልደፍን ነው።»

ቀበሮ መዳፉን ከአፉ ላይ ጫነ። «በገዛ እጅዎ? ጭቃ? እርስዎ? ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው እንዳያይዎት!»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ይላሉ እንዴ! እኔ የነገው ወሬ ይታየኛል። ‹ያቺ አህያ ባለ ጎተራ ሆንኩ ብላ ነበር፤ አንዲት አይጥ ብትገባባት የሚደርስላት ጎረቤት አጥታ ብቻዋን ጭቃ ስትረግጥ አየናት› ይላሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ እመት ዳለቻ! ለመሆኑ የተከበረ ባለ ጎተራ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል?»

«ደቦ ይጠራል!»

ደቦ! ይቺ ቃል የእመት ዳለቻን ጆሮዎች ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው። ስንቱን ደቦ ታውቃለች መሰላችሁ! የጠላውን ጋን ተሸክማ እስከ ማሳው ድረስ የወሰደችው እሷ ናት። ከዚያ ከግራር ሥር ያስሯታል። ሠራተኛው በአንድ ድምፅ ሆ! ሲል፣ አውራጁ የባለቤቱን ስም እየጠራ ሲያሞግስ፣ እሷ ከሩቅ ሆና ጆሮዋን እያቆመች ትሰማ ነበር። አንድም ቀን ስሟን የጠራ አልነበረም። እንግዲህ የዘመናት ምኞቷ ይኼ ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በደቦ ላይ ስሟ ሲዜም መስማት።

«ለአንዲት አይጥ ግን...» አለች፣ ልቧ እየመታ።

«ለአይጧ አይደለም፤ ለስምዎ ነው! እኔ እጠራልዎታለሁ። ዝንጀሮ ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ከርከሮ ይመጣል፣ ጃርት ይመጣል። ዜማ የሚያወርድልን ደግሞ አያ ጅቦ ነው።»

«ጅብ? አንተ ሰው፣ እኔ አህያ መሆኔን ረሳኸው?»

«እንዴ! በደቦ ላይ ጠብ አለ እንዴ? ነውር አይደለም? ደግሞ አያ ጅቦ እግሩን ታሞ ያነክሳል፤ ምስኪን! ሥጋም ትቷል ይላሉ። ድምፁ ግን! እሱ ‹እመት ዳለቻ› ብሎ ሲያዜም ተራራው ይመልስልዎታል።»

ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባላል። እመት ዳለቻም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። ግን በዚያች ሰዓት ጆሮዋ ውስጥ የነበረው «ተራራው ይመልስልዎታል» የሚለው ብቻ ነው። ጭቃውን ወደ ጥግ ገፋችውና፣ «በል ጥራ! የፊታችን ቅዳሜ ደቦ አለብኝ፣ አንድም እንዳይቀርብኝ በል!» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ወከባ በወከባ ሆነ። ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ያለዚያ ስሙ ይጠፋል። ለጠላው ብቅል ያስፈልጋል ብላ ከጎተራው ቀዳች። ለቆሎው ቀዳች። ለንፍሮው ቀዳች፣ ለበሶው ደግሞ ቆጥራ ሳይሆን ዛቅ አድርጋ ቀዳች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ እየሠራች ራሷ ታዜማለች።

አይጧ ከቆጡ ላይ ቁጭ ብላ ታያታለች። «እትዬ ዳለቻ፣ ይኼ ሁሉ ለኔ ነው?»

«ለመባረሪያሽ ነው!»

«ብቀመጥ ከምበላው በለጠ እኮ!»

«ዝም በይ፣ ሌባ!» አለችና ሌላ ቁና ቀዳች።

ቅዳሜ ደረሰ። ኧረ እንዴት ያለ ቅዳሜ! ገና ፀሐይ ብቅ ስትል ከጋራው ላይ ሆ! ሆ! የሚል ጩኸት ወረደ። ዝንጀሮ ግልገሉን፣ አክስቱን፣ የአክስቱን ልጅ ሁሉ አስከትሎ መጣ። ከርከሮ አፈር የለመደ አፍንጫውን እየነፋ መጣ። ጃርት ወስፌዎቹን እያንኳኳ መጣ። እስቲ አስቡት! ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያጮኸ ከማሳው የሚያባርራቸው ሁሉ፣ በጥሪ፣ በክብር፣ በፊት በር ገቡ። በመጨረሻም አያ ጅቦ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ የእህቱን ልጆች ከኋላው አስከትሎ መጣ።

«እንደምን አደርሽ፣ ዳለቻዬ» አለ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ። «ወፈር አላልሽም?»

«እግዜር ይመስገን» አለች እመት ዳለቻ፣ ትንሽ ራቅ ብላ። ቆዳዋ ሽምቅቅ አለ። ዞር ብላ ስታይ ግን ደጇ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ፍርሃቷን ደስታዋ ዋጠው።

ቀበሮ አጋፋሪ ነኝ ብሎ ዘንግ ይዞ ከጉቶ ላይ ቆመ። «ስሙኝማ! ሳንጀምር የደቦውን ሕግ እንወቅ። አይጧ የገባችበት ቤት የደቦው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ያበላል፣ ያጠጣል። አይጧ ሳትያዝ ደቦ አይበተንም። ተስማማን?»

«ሆ! ተስማማን!»

«እመት ዳለቻስ?»

«ኧረ እሺ! እሺ ብያለሁ!» አለች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች።

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ አቤት ድምፅ!

«ያዟት በጓሮ፣ ያዟት በደጅ፣
ዛሬ አታመልጥም ሞታ ነው እንጅ!»

«ሆ!» አለ ደቦው።

«የእመት ዳለቻ፣ የባለ ጎተራ፣
ስሟን ንገሩልኝ በዚያኛው ተራራ!»

«ሆ!» አለ ደቦው፤ እውነትም ተራራው ስሟን መለሰላት። እመት ዳለቻ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። እንባው የደስታ ነው። «ይኼንን ሰማሁ!» አለች ለራሷ። «ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ!» አይባልም እንዲህ፣ ግን አለች።

ሥራው ተጀመረ። ዝንጀሮዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው ሣሩን እየነቀሉ ወደ ደጅ ወረወሩት፤ አይጧ ከሣሩ ውስጥ ካለች ትውደቅ ብለው ነው። ከርከሮ አፍንጫውን ከመሬቱ ውስጥ ቀብሮ ወለሉን ገለበጠው። ጃርት ማገሩን በወስፌው እየወጋ ሲዞር የአንዱን ዝንጀሮ ቂጥ ወግቶ ጠብ ሊነሣ ነበር። ዱላ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ እንስራው ላይ ይወርዳል፣ ጋኑ ላይ ይወርዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄኔ ነው!

አይጧ ራሷ የት ነበረች? ከምሰሶው ጫፍ፣ ከተሰቀለው ገመድ ጀርባ። ጢሟን እያሻሸች ታያቸው ነበር። ከመሀላቸው ቀና ብሎ ያየ አንድም የለም።

«ደቦው ደክሟል! እህል ውኃ ይቅረብ!» አለ ቀበሮ።

ቆሎው ቀረበ፤ በላይ በላዩ ታፍሶ አለቀ። ንፍሮው ቀረበ፤ ሽታው እንኳ አልቀረም። ጠላው ወረደ። ከዚያ ተነሥተው ትንሽ ሆ! ሆ! ካሉ በኋላ፣ «ደቦው ደክሟል!» አለ ቀበሮ እንደገና። የተዘጋጀው አልቆ ነበርና ጎተራው ተከፍቶ ጥሬው ይቆላ ጀመር። ዝንጀሮ ግን እስኪቆላ የሚጠብቅበት ምክንያት አልታየውም፤ ከነጥሬው በጉንጩ ሞላው።

«እመት ዳለቻ» አለ ቀበሮ ጠጋ ብሎ፣ «ታመው የቀሩ ጎረቤቶች አሉ። የነሱን ድርሻ መላክ ወግ ነው፤ መቼም ያውቁታል። ኋላ ‹ረሳችን› እንዳይሉ።»

«ላክ እንጂ፣ ላክ!» አለች። የአያ ጅቦ እህት ልጆች ስልቻ ስልቻውን እየተሸከሙ በጓሮ በር ወጡ። ተመልሰው መጡ። እንደገና ተሸክመው ወጡ። የታመመው ጎረቤት ብዛት ለጉድ ነው!

እመት ዳለቻ በዚህ መሀል ከልማዷ የተነሣ ጎተራውን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው።

ጎተራው ተንቀሳቀሰ።

እንደገና ገፋችው። ባዶ እንስራ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ቀና ስትል ዓይኗ ከተሰቀለው ገመድ ጋር ተጋጠመ።

«ዘሬ!» ብላ ጮኸች። «ቀበሮ! ዘሬ አለቀ እኮ! ይብቃ! ደቦው ይበተን፣ አይጧን ተዉልኝ!»

«ተዉልኝ?» አለ ቀበሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። «ሕጉን ረሱት? አይጧ ሳትያዝ ደቦ አይበተንም። ደግሞስ ደቦ አባራሪ ሊባሉ ነው? ሕዝቡ እኮ ገና አልጠገበም!»

«አልጠገብንም! ሆ!» አለ ከርከሮ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ።

አያ ጅቦም ይኼን ጊዜ ዜማውን አነሣ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው፣ እንብላው» ነው ይባላል፤ ከራሱ ከጅቡ ጉሮሮ የወጣውማ እንዴት ይሁን? ሞኝ አይደል፤ በሆዱ ያለው በአፉ ወጣ።

«ጭኗ የደለበ፣ ጎኗ የለሰለሰ፣
እሷን ያየ ዓይኔ ምራቄን አፈሰሰ!»

«ሆ!» አለ ደቦው፣ ምን እንደተባለ እንኳ ሳያስተውል።

እመት ዳለቻ ጆሮዋን አቆመች። ጭኗ የደለበ? የአይጥ ጭን ከመቼ ወዲህ ደለበ? ቀስ ብላ ዞረች። አያ ጅቦ ከበሩ መሀል ቆሟል። ዓይኑ ቆጡ ላይ አይደለም፣ ቀዳዳው ላይ አይደለም፤ የእሷ ጭን ላይ ነው። ማነከሱንም ትቷል! በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ረዥም ነው ጆሮዋ፣ ወፍራም ነው ሽንጧ፣
ዛሬ አንለቃትም፣ የታለች አይጧ?»

«ሆ!»

ወይ ጉድ! ጆሮው ረዥም፣ ሽንጡ ወፍራም! በጓሮ እንዳትወጣ የእህቱ ልጆች ስልቻቸውን ይዘው ከዚያ በኩል እየተመለሱ ነው። ብትራገጥ ጅቡ አንድ አይደለም። ብትጮህ የሚሰማት ሁሉ ጥሬ ገብስ በጉንጩ ይዟል። ያኔ ነው እመት ዳለቻ አንድ ነገር ትዝ ያላት። ብዙ ደቦ ከሩቅ ሆና የሰማች አህያ አይደለች? ደቦ የሚሄደው ዜማው ወደ ወሰደው ነው።

አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች። በሕይወቷ ዘምራ አታውቅም። ድምፅዋ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቢሆንም በጉሮሮዋ ሙሉ ለቀቀችው፦

«አይጧ ወጣች አሉ በጓሮ በኩል፣
ከአያ ጅቦ ጎሬ ገብታለች ልትውል!»

«ሆ!» አለ ደቦው፣ በልማድ። ከዚያ ዝንጀሮ ጉንጩን ዋጥ አድርጎ፣ «አያ ጅቦ ጎሬ?» አለ።

«አይጧ የገባችበት ቤት የደቦው ቤት ነው!» ብላ ጮኸች እመት ዳለቻ። «የቤቱ ባለቤት ያበላል፣ ያጠጣል! አጋፋሪው ራሱ ተናግሯል፤ ተስማምተን የለም ወይ?»

«ተስማምተናል! ሆ! ወደ አያ ጅቦ!»

«ኧረ የለችም!» አለ አያ ጅቦ፣ ጸጉሩ ቆሞ። «ኧረ እኔ ቤት አይጥ የለም! ምን ላበላችሁ? ያለኝ አጥንት ነው!»

«የተገኘው ይቅረብ! ሆ!»

ደቦው በበሩ ተግተልትሎ ወጣ። አያ ጅቦ መሀላቸው ገብቶ እየተገፋ፣ እጁን እያወናጨፈ ለመነ። ወለሉን የገለበጠው ከርከሮ ጎሬው ውስጥ ሲገባ ታየው። የደበቃት የበሬ ቅልጥም፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት ቁርበት ታየችው። ጭንቀቱ ሲበዛ ሞኝነቱም በዛ።

«ቆዩ! ቆዩ እንጂ! አይጥ የምትሄደው ገብስ ወዳለበት ነው! ገብሱ ያለው ደግሞ ቀበሮ ቤት ነው! ስልቻውን ሁሉ ያጓጓዝነው ወደሱ ጓዳ ነው፤ እነዚህን የእህቴን ልጆች ጠይቋቸው!»

«አንተ ደደብ!» አለ ቀበሮ፣ ዘንጉን ጥሎ።

«ወደ ቀበሮ! ሆ!»

ቀበሮ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ደቦው ተከተለው። ዝንጀሮ በዛፍ፣ ከርከሮ በቁጥቋጦ፣ ጃርት በአቋራጭ! አያ ጅቦም፣ ወደኔ እንዳይመለሱ ብሎ ከኋላ ሆኖ ያዜማል። እመት ዳለቻ ከደጇ ላይ ቆማ አየቻቸው። የቀበሮ ጣራ በአየር ላይ ሲበተን አየች። «ኧረ ደቦው ይበተን! ይብቃ!» የሚል የታወቀ ድምፅም ከሩቅ ሰማች። «አልጠገብንም!» ሲሉትም ሰማች። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስታዋ ከደጅ ቀረ። ቤት የት አለና! ጣራው ሰማይ ሆኗል። ወለሉ የታረሰ ይመስላል። ጎተራው በጎኑ ወድቆ አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ አንዲት ፍሬ የለም። ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ዛሬ ወይ ነገ ነው። ሳይወድቅ የቀረ አንድ ነገር ምሰሶው ብቻ ነበር፤ ገመዱም እላዩ ላይ ነው።

እመት ዳለቻ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አለችና አለቀሰች። ይኼኛው የደስታ አልነበረም።

«እትዬ ዳለቻ» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ ከላይ። «ሁሉም ሄዱ?»

«ሄዱ። አንቺስ ምን ቀረሽ? ውረጂ፤ አልረግጥሽም። ሆዴን ባር ባር ብሎኛል።»

አይጧ በገመዱ ላይ ተንሸራታ ወረደች። «ጎተራሽን እኔ ነኝ የጨረስኩት?»

«አይደለሽም። እኔ ነኝ። ስሜን ተራራ ሲጠራው ልስማ ብዬ ነው» አለች እመት ዳለቻ። አፍንጫዋን ልትጠርግ እግሯን ስታነሣ፣ ከርከሮ ካረሰው ወለል ውስጥ ሰኮናዋ ጥልቅ አለ። አፈሩ ተናደ። ከሥሩ አንድ ነገር አብረቀረቀ።

ገብስ! ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የተመረጠ ገብስ! አይጧ ከመጣች ጀምሮ በጉንጯ እያመላለሰች ያጠራቀመችው ነው። ከርከሮ ሊደርስበት አንዲት ጋት ቀርቶት ነበር።

«የኔ ነው!» ብላ አይጧ ዘላ ላዩ ላይ ተኛችበት። «አትንኪብኝ! በስንት ልፋት የሰበሰብኩት!»

እመት ዳለቻ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ሳቅ አፈናት። እንባዋ ሳይደርቅ ጣራ በሌለው ቤት ውስጥ እስኪያማት ሳቀች። «የኔ ሌባ! ከወዳጅ የተረፈኝ አንቺ የሰረቅሽው ብቻ ነው እኮ!»

«ታዲያ አብረን እንኑራ?» አለች አይጥ፣ ተስፋ አድርጋ።

«እሱንስ ተይው። ሌባ ሌባ ነሽ፤ እኔም ከእንግዲህ ሞኝ አይደለሁም።» ከገብሱ ላይ ለአይጧ ጉንጭ የሚበቃ ዘግና ሰጠቻት። ከዚያ ተሸክማ ወስዳ ከማሳው ድንበር፣ ከድንጋይ ክምሩ ላይ አስቀመጠቻት። «ቤትሽ እዚህ ነው። ቤቴ ከመጣሽ ግን ርግጫዬ ሁልጊዜ አይስትም።»

ስትመለስ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈች። ጥግ ላይ ያ ያቦካችው ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ደጅ አውጥታ ዝናብ አጠጣችው። እንደገና ረገጥ ረገጥ አደረገችው። የወደቀውን ጎተራ አቆመችና ቀዳዳዋን ድፍን አደረገቻት። አንዲት እፍኝ ጭቃ በቃት፤ እንዲያውም ተርፎ ነበር። ባዶ ጎተራ መድፈን ምን ይረባል ብትሉ፣ ዘንድሮ ባዶ ቢሆን ከርሞ አይሞላም እንዴ?

ገብሷንም ዘራች። ማሳዋ ያንን ዓመት ጠበብ ያለ ነበር። ጣራዋን እስክትከድን ዝናብ ሲመታት ከረመ፤ ቆሎም ሳታይ ነሐሴን ወጣች። ጫኚዎቹ ደጅ ግን አልሄደችም።

መኸር ደርሶ ጎተራዋ ግማሽ ድረስ እንደ ሞላ፣ አንድ ጠዋት በበሩ በኩል የታወቀ አንገት ሰገገ። ቀበሮ ከሳ ብሏል፤ እሱም ጣራውን ለመክደን ብዙ ከርሟል።

«ደህና አደሩ፣ እመት ዳለቻ! ጎረቤቱ ሁሉ ስለ እርስዎ ደቦ እስከ ዛሬ ያወራል። ደግሞ ምን ሰማሁ መሰለዎት? ጉንዳን ማሳዎ ላይ ወጣ አሉ! ጉንዳን እኮ ቀላል ነገር አይደለም። ያው መቼም እርስዎን የመሰለ ባለ ጎተራ...»

እመት ዳለቻ ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ እርጥብ አድርጋ ከምታስቀምጠው ጭቃ አንድ እፍኝ ዘግና፣ አፉ ገና «ደቦ» ሳይል ልጥፍ አደረገችበት።

ከዚህ የምንማረው በእፍኝ ጭቃ ለሚደፈን ቀዳዳ ለስሙ ብሎ ደቦ የጠራ፣ ለአይጥ የነፈገውን ጎተራ በገዛ እጁ ለጅብና ለቀበሮ እንደሚከፍት ነው።